በሚስማር የተቆጠረው ሲዲ

ይህ ነገር ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ጓደኞቼ "ስለ አንድ ሲዲ ይህን ያህል ትቆጣለህ?" እያሉ ይስቁብኛል። እስኪ እናንተ ፍረዱኝ። አንብባችሁ ስትጨርሱ "አጋንኖታል" ካላችሁ ምንም አልልም።

አስማረ እባላለሁ፤ የዘጌ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጣና ዳር አድባራት በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። በአምስት ዓመቴ ኩፍኝ ዓይኔን ሲወስደው ጎረቤቱ ሁሉ ራሴን እየዳሰሰ "ምስኪን" ይለኝ ነበር፤ አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሉኝም። "ጆሮህ ደህና ነው አይደል?" አሉና ቅኔ ቤት አስገቡኝ። ከዚያ ባሕር ዳር መጥቼ ብሬል ተማርሁ፤ ቀጥዬ ሕግ አጥንቼ ተመረቅሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ቁጡ ነኝ። ቅኔ ቤትም ቁጡ ነበርሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ቁጡ ነበርሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ የእኔን ጠባይ ቀንሳችሁ አስቡት፤ የቀረው ራሱ ይበቃል።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የባሕር ዳር መሥሪያ ቤት በሕግ ባለሙያነት ቀጥሮኛል፤ ቅጥሩ የስድስት ወር ሙከራ አለበት። የክፍሉ ሃላፊ አቶ ታምሩ ይባላሉ። በመጀመሪያው ቀን እጄን ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አስማረ፣ ለአንተው ብዬ ነው፤ ታች ስልክ ቤት ክፍት ቦታ አለ። ወንበሩ ምቹ ነው፣ መዝገብ አያደክምህም" አሉኝ።

"አቶ ታምሩ፣ እኔ የተወዳደርሁት በሕግ ነው" አልኋቸው።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እስኪ ሙከራውን እናያለን።"

ከእኔ በፊት ወደዚያ መሥሪያ ቤት የገቡ ሁለት ዓይነ ስውራን ነበሩ። አንዱ በታሪክ፣ አንዱ በቋንቋ የተመረቁ ናቸው። ሁለቱም ዕድሜያቸው ያለቀው ስልክ ሲያነሡ ነው። ስልክ ማንሣትን አልንቅም፤ የተከበረ ሥራ ነው። የሚያናድደኝ ዓይነ ስውር በገባ ቁጥር፣ ምን ተማርህ ሳይባል፣ ክንዱ ተይዞ ወደዚያ ክፍል መመራቱ ነው።

እኔን ላይኛው ፎቅ ላይ ያቆየኝ አንድ የሚናገር ኮምፒውተር ነው። አንድ የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን አማርኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ እየሰማሁ እሠራለሁ፣ እጽፋለሁ። ዛሬ በነፃ የሚገኙ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ያኔ ግን እኔ የማውቀው አማርኛ የሚያነብ ድምፅ እዚያ ማሽን ላይ ያለው ብቻ ነበር። ከማሽኑ ጋር ሦስት ሲዲዎች መጥተዋል። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ቢሆን በእነሱ ድምፁን ጨምሮ እንደ አዲስ መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው ሲዲ ማሽኑን ያስነሣል፤ የሚጫነው ነገር ያለው በቀሩት ሁለቱ ላይ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ሌንሳ ነች። አባቷ ከነቀምት መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሷ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ፈጣን፣ ለአለቃ ብላ ድምፅዋን የማትቀንስ ሴት ነች። ማሽኑን በገጠመች ዕለት እንዲህ አለችኝ፦

"አስማረ፣ እነዚህን ሲዲዎች ቅጂ እናድርግላቸው። ሲዲ ይጫራል፣ ይሰነጠቃል። ወደ ፍላሽ አዛውሬ ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሣ አደርገዋለሁ። ዋናው ቢጠፋ እንኳ አትቸገርም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ቢበዛ አንድ ሰዓት።"

አንድ ሰዓት! የከለከሉኝ ይህችን አንድ ሰዓት ነው።

የንብረት ክፍል ሃላፊው ጋሽ ሙጬ ከመሸንቲ በየቀኑ እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ከመሥሪያ ቤቱ ስቴፕለር እንኳ ጠፍቶ አያውቅም ይባላል። የመንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ጠረጴዛው ቁጥር አለው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ቁጥር አለው። ሌንሳ ማሽኑን ገጥማ እንደ ጨረሰች ሲዲዎቹን መልሰው ተረከቧት። ተያይዘን ሄድን።

"ጋሼ፣ የሲዲዎቹን ቅጂ ልንወስድ ነበር" አልኋቸው።

"አይ ልጄ፣ ንብረት አይባዛም። ሦስት ብዬ መዝግቤ ስድስት ቢገኝ ኦዲት ምን ይለኛል?"

"ጋሼ፣ ቅጂው እኮ ፍላሽ ላይ ነው" አለች ሌንሳ። "ሲዲው ሦስት እንደሆነ ይቀራል።"

"እሱ ደግሞ የባሰ! በዓይን የማይታይ ንብረት እንዴት አድርጌ ነው የምቆጥረው?"

ለአቶ ታምሩ ማመልከቻ ጻፍሁ። ከሳምንት በኋላ ማመልከቻዬ ጥግ ላይ "በንብረት አስተዳደር ደንቡ መሠረት ይጠበቅ" ተብሎ ተመለሰልኝ። ሲዲዎቹም ብረት ካቢኔ ውስጥ ተቆለፈባቸው። እኔ ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ለዚህ ዝምታዬ ዛሬም ራሴን እወቅሳለሁ።

ወራቱ አለፉ። ሙከራዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አቶ ታምሩ አንድ የይዞታ ክርክር መዝገብ ሰጡኝ። ነገሩ ሐይቁ ዳር ስላለ ቦታ ነው፤ መዝገቡ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው።

"ዓርብ ሦስት ሰዓት የሕግ አስተያየትህን ይዘህ ኮሚቴው ፊት ትቀርባለህ" አሉኝ። "በራስህ የሠራኸው ይሁን። ሰው አንብቦልህ፣ ሰው ጽፎልህ ከሆነ፣ ያው ሰውየውን መቅጠር ነው የሚሻለን።"

"ባይደርስልኝስ?"

"ስልክ ቤቱ እኮ አሁንም ክፍት ነው።"

በሰኞ ውሎዬ ግማሹን ሠራሁ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የክፍሉ ማራገቢያ ቆመ፣ ተነሣ፣ እንደገና ቆመ። እኔ የመብራትን መሄድና መምጣት የማውቀው በማራገቢያው ነው። ኮምፒውተሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ አሰማ፤ ትንሽ አነበበልኝ፣ "ተከራካሪው ወገን ይዞታውን" ሲል ደረሰ፤ እዚያ ላይ ጸጥ አለ። ብጫነው፣ ባጠፋው፣ ባበራው መልስ የለም። ሌንሳን ጠራኋት።

"ሃርድ ዲስኩ ሞቷል" አለች። "ሥራህ የት ነው ያለው?"

"ፍላሽ ላይ ነው።"

"ተመስገን። እኔ ትርፍ ዲስክ አለኝ፤ እገጥምልሃለሁ። አንተ ሲዲዎቹን ብቻ አምጣልኝ።"

ሲዲዎቹን ብቻ! ንብረት ክፍል ወረድሁ። ጋሽ ሙጬ የወጪ ሞዴል የሚባል ቅጽ መሞላት እንዳለበት፣ በሞዴሉ ላይ የክፍሉ ሃላፊ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። አቶ ታምሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ ሙሉ ቀን፣ ረቡዕ እስከ ምሳ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ካቢኔው ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፤ ቁልፉ ጋሽ ሙጬ ኪስ ውስጥ ሲንቃጨል ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ ለዚህች ቀን ብለው ይክፈቱልኝ። እዚሁ ፊትዎ እንጠቀምበትና እንመልሰው።"

"ልጄ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ። ያለ ፊርማ ክፈት ትለኛለህ?"

የገዛ ሙያዬን ጠቅሰው አፌን ዘጉኝ።

አቶ ታምሩ ረቡዕ ከምሳ በኋላ መጥተው ፈረሙ። ሲፈርሙ "አየህ፣ በማሽን የሚሠራ ሰው ማሽን ሲቆም ይቆማል" አሉ። ሞዴሉን ይዤ ወረድሁ።

ሌንሳ አዲሱን ዲስክ ገጥማ ስትጠብቀኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሲዲ አስገባች። ሲሽከረከር ይሰማኛል፤ ይሽከረከራል፣ ይንቋቋል፣ ይቆማል። እንደገና ይሽከረከራል፣ ይቆማል። አወጣችው፣ በሻርፗ ጠረገችው፣ መለሰችው። ያው ነው። ወደ ራሷ ላፕቶፕ አዛወረችው። እዚያም አልተነበበም።

"እስኪ ስጪኝ" አልኋት። ለምን እንዳልሁ አላውቅም፤ ሲዲ በጣት አይነበብም። ግን አንድን ነገር በእጄ ካልዳሰስሁት አልተወውም። አንዱ ጎኑ ልሙጥ ነው፣ እንከን የለውም። ገለበጥሁት። ጣቴ ቦይ አገኘ። አንድ መስመር፣ ከዚያ ክብ ነገር፣ ከዚያ ሌላ መስመር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

"ሌንሳ፣ ይህ ምንድን ነው?"

ሐይቁን ወደሚያሳየው መስኮት ስትሄድ ሰማኋት።

"ቁጥር ነው" አለች። "የንብረት ቁጥር። ተፍቆ ነው የተጻፈው። ወይኔ አስማረ፣ ወደ ብርሃን ሳነሣው በቁጥሮቹ ውስጥ ሐይቁ ይታየኛል።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድሁት አላስታውስም። ጋሽ ሙጬ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ይህን ቁጥር ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ፣ ደስ ብሏቸው። "በሚስማር ነው የጻፍሁት። ማርከር ይለቃል፣ ወረቀት ይገነጠላል። ሚስማር ግን አይለቅም። ደግሞ አትስጋ፣ የሚያብረቀርቀውን ጎን አልነካሁትም፤ እሱ እንደማይነካ አውቃለሁ።"

ሌንሳ ከኋላዬ ደርሳ ነበር። "ጋሼ" አለች፣ "ሲዲ ላይ የተቀዳው ነገር ያለው እኮ ከላይኛው ቀለም ሥር ነው። በሚያብረቀርቀው በኩል ወፍራም ፕላስቲክ አለው። በዚህኛው በኩል ግን ከቀለሙ ሌላ የሚሸፍነው የለም። እርስዎ የፋቁት ራሱን ነው።"

"እኮ፣ ተበላሸ ነው የምትይኝ?"

"ተበላሸ።"

እዚያ ላይ ፈነዳሁ። አሁን ሳስበው በሽማግሌ ላይ መጮኼ ያሳፍረኛል፤ ያልሁትን ግን አልመልሰውም። "ጋሼ፣ እንዳይሰረቅ ቆለፉበት፣ እንዳይጠፋ ቁጥር ሰጡት፣ እንዳይበዛ ከለከሉን። ሁሉን ነገር አደረጉለት፤ የሚሠራ መሆኑን ብቻ አንድም ሰው አላየውም! ይህ ሲዲ ለማን ነው የመጣው? ለካቢኔው ነው? ለኦዲተሩ ነው? እኔ ዓርብ ሥራዬን ላጣ ነው!" ከጎረቤት ክፍሎች ሰው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ይሰማኛል።

የጋሽ ሙጬ ወንበር ተንቋቋ፤ ትልቅ መዝገብ ሲያወርዱ፣ ገጹን ሲገልጡ ሰማሁ።

"ቁጥር የሰጠሁት ለመጀመሪያው ብቻ ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። "ሁለቱ ተከታይ ናቸው ብዬ አልነካኋቸውም። ደግሞ... ቆይ... ይኸው። የመጣው ማሽን ሁለት ነበር። አንዱን ሳልከፍተው ከነሲዲው ወደ ዱርቤቴ ጽሕፈት ቤት ልኬዋለሁ። በእጄ የተጻፈ ነው።"

ሌንሳ ክንዴን ያዘችኝ። "ያ አንድ ሲዲ ብቻ ነው የሚጎድለን" አለች።

"ልጄ፣ እኔ እኮ እንዳይጠፋ ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ሙጬ። ያን ቀን አልመለስሁላቸውም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ዱርቤቴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ፈቃድ ብንጠይቅ ኖሮ እስከ ዛሬም ፊርማ እየጠበቅን ነበር። የገበያ ቀን ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሚኒባሱ በዶሮና በሽንኩርት ተሞልቶ ነበር፤ በየመንገዱ ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል። በቆመ ቁጥር ሌንሳን ሰዓት እጠይቃታለሁ። ሌንሳ "ተረጋጋ" ትለኛለች፤ የራሷ እግር ግን ወለሉን ሲደልቅ ይሰማኛል።

የምንፈልገው ጽሕፈት ቤት ስንደርስ ንብረት ያዥዋ ወይዘሮ እናኑ ቁርስ ላይ ነበሩ። ደግ ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። እንጀራ እንድንቀምስ ለመኑን፣ ወንበር ሳቡልን። ነገሩን ስንነግራቸው ግን ድምፁ ተቀየረ።

"ኧረ ያለ ደብዳቤ እንዴት ብዬ ነው ንብረት የማወጣ? ምነው ልጆቼ፣ ጉድ ልታደርጉኝ ነው?"

"አይውጣ፣ እትዬ!" አልሁ። "ካለበት ንቅንቅ አይበል። እዚሁ ፊትዎ ላይ ይቀዳል፤ ሲዲው እዚሁ ይቀራል። ለመሆኑ ማሽኑ የት ነው?"

ሌንሳ በጆሮዬ፣ "የሻይ ፔርሙሱን ያስቀመጡት ማሽኑ ያለበት ካርቶን ላይ ነው" አለችኝ። "ማሸጊያው እንኳ አልተነሣም።"

"ምነው አልተከፈተም፣ እትዬ?" አልኋቸው።

"ለዓይነ ስውር ሠራተኛ ነው ተብሎ ነው የመጣ። ዓይነ ስውር ሲመጣ ይከፈታል ተባለ። እስካሁን የመጣ የለም።"

ከወንበሬ ተነሣሁ። "እነሆ፣ መጣሁ" አልሁ።

ሌንሳ ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ እናኑ ግን አልሳቁም። ፔርሙሱን ሲያነሡት፣ ከዚያ ማሸጊያው "ቅርርር" ሲል ሰማሁ። "በሉ ቶሎ በሉ" አሉ። "ብጠየቅም እጠየቃለሁ።" የእኚህን ሴት ድፍረት አልረሳውም። ከእኛ ሃላፊ ይልቅ እሳቸው ሕጉ ለምን እንደተጻፈ ገብቷቸዋል።

ከተማው መብራት አልነበረውም። የሌንሳ ላፕቶፕ ባትሪ አርጅቷል፤ ሲዲ ሲሽከረከር ደግሞ ባትሪ ይበላል። ሲዲው ገባ። ይህኛው ሳይንቋቋ፣ በእኩል ድምፅ ዞረ። ሌንሳ በየመሃሉ ትነግረኛለች፤ "ሩቡ አለቀ... ግማሽ... ባትሪው እየወረደ ነው... ስክሪኑን አደብዝዣለሁ።" ወይዘሮ እናኑ እንኳ "እመቤቴ አድርሺልን" ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ሌንሳ በረጅሙ ተነፈሰች። "ገባ። ሙሉውን ገባ።" ላፕቶፑን ዘጋችው።

ባሕር ዳር የተመለስነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌንሳ ሦስቱንም ወደ ፍላሹ አስገባችና ማሽኑ ላይ ሰካችው። ማሽኑ ተነሣ፣ አንድ ጊዜ ጢጥ አለ፣ ቆመ።

"ምን ሆነ?"

"ፍላሹን አላወቀውም" አለች። "ፋይሎቹን ብቻ ነው የገለበጥሁት፤ እሱ አይበቃም። ማሽኑ ከሲዲው ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈልጋት የተደበቀች ክፍል አለች። እሷንም ጨምሬ እንደ ሲዲው አድርጌ ልሥራው።"

"ጊዜ አለን?"

"አታናግረኝ።"

አላናገርኋትም። የቁልፎቹን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ከመስኮቱ ስር ጀልባ ሞተር አስነሥቶ ሄደ፤ ሌላ ጀልባ መጣ። ስልክ ቤቱን አሰብሁ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁለት ሰዎች አሰብሁ፤ አባቴን ምን ብዬ እንደምነግራቸው አሰብሁ። ፍላሹ እንደገና ተሰካ። ጢጥ። ከዚያ ረጅም ጸጥታ፣ ከዚያ የዲስኩ ሥራ የመጀመር ድምፅ። መጫኑን እየጠበቅሁ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም። በመጨረሻ ያ ደረቅ የማሽን ድምፅ "ለመጀመር ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ" አለኝ። አለቀስሁ። አላፍርበትም። ሌንሳም አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

ቢሮው እስኪዘጋ ሠራሁ፤ ዓርብ ጠዋት ጥበቃው በሩን ሲከፍት ከእሱ ጋር አብሬ ገባሁ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አስተያየቴን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብሁ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ መሃል ላይ አቶ ታምሩ። ወረቀቱን አገላበጡ።

"ጥሩ ጽሑፍ ነው" አሉ አቶ ታምሩ። "ማን ጻፈልህ?"

"ሌላ መዝገብ ይስጡኝ" አልሁ። "አሁን፣ እዚሁ፣ ያላየሁትን።"

"ይሁን" አሉ። ሌንሳ ኮምፒውተሩን አምጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ገጠመችው። አንዱ አባል ከራሱ ፍላሽ አንድ የውል ክርክር ሰጠኝ። እኔ ስሠራ ድምፁን በጣም አፍጥኜ ነው የምሰማው፤ ላልለመደው ሰው ቃሉ አይለይለትም። ማሽኑ ማንበብ ሲጀምር "ይህ ምን ቋንቋ ነው?" አለ አንዱ። ሲጨርስ ክርክሩ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ወገን ምን እንደጎደለው፣ ውሉ በየት በኩል እንደሚፈርስ በቃሌ ነገርኋቸው። መዝገቡን የሰጠኝ አባል ሳቀ፤ "በቃ፣ ተዉት ሰውየውን" አለ።

ከምሳ በኋላ የምዘናው ውጤት መጣ። አልፌያለሁ። ሌንሳ አነበበችልኝና መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ አቆመች። "ምን ይላል?" አልኋት። "'በረዳት ታግዞ ሥራውን ያከናውናል' ይላል።" ከፊት ለፊቴ አቶ ታምሩ ቆመዋል፤ "ለአሻራ ቀለም እናምጣልህ፣ ጣትህን አስነካ" አሉ።

"ቀለም አያስፈልግም" አልሁ። "መጀመሪያ ያችን መስመር ይሰርዙ። ማሽን ረዳት ከሆነ የእርስዎም መነጽር ረዳት ነው፤ በእርስዎ ምዘና ላይ ማን ጻፈው? ከዚያ ብዕር ይስጡኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የተማርሁት ጣት ላስነካ አይደለም።"

ተከራከሩኝ። አልፈረምሁም። አንድ ሰዓት ያህል አስቀመጡኝ፤ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ መስመሯ ወጥታ ወረቀቱ እንደገና ታተመ። ሌንሳ አነበበችልኝ። ስሜን በብዕር ጻፍሁ፤ ፊደሉ ጠማማ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የእኔ ግን ነው።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ለሌንሳ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ "የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ያለ ፈቃድ አባዝታለች" ይላል። ሲዲው በሚስማር ለመቆጠሩ ማንም አልተጠየቀም፤ እኔም ጋሽ ሙጬ እንዲጠየቁ አልፈለግሁም። ያዳነችው ግን ተከሰሰች። ሙከራዬን እንዳለፍሁ የያዝሁት የመጀመሪያ ጉዳይ የእሷ ነው። መልሱን በዚያው ማሽን ጻፍሁት፤ ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ጋሽ ሙጬ ለምስክርነት ተጠርተው "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን ተዉአት" ብለው ተናግረዋል። ይህንም ሳልጽፈው ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ ኮምፒውተር ላስተምራችሁ አይደለም። እኔን የለወጠኝ የማሽኑ መነሣት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት "አይቻልም" ሲሉኝ "እሺ" ብዬ የምመለስ ሰው ነበርሁ፤ ቁጣዬ ሁሉ በሆዴ ነበር። ያ የተፋቀ ሲዲ ግን አንድ ነገር አሳየኝ። አንድን ነገር መጠበቅ ማለት ሲያስፈልግ እንዲሠራ ማድረግ ነው። የሚያስፈልገው ሰው እጅ እንዳይገባ መቆለፍ ጥበቃ አይደለም፤ ክልከላ ነው፤ ክልከላውን ደግሞ ደንብ ብለው ሲጠሩት ሰው ይፈራዋል። እናንተም ቤታችሁ፣ ቢሮአችሁ፣ ሕይወታችሁ የቆመበት አንድ ነገር ካለ ዛሬውኑ ቅጂ አድርጉለት፤ ቅጂውም መነሣቱን ሞክሩት። የእኔን ያህል ሳትጮሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ስልክ ቤቱ ሰው አገኘ። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ በሶሺዮሎጂ የተመረቀች ዓይነ ስውር ነች። ክንዷን ይዘው ነው ያስገቧት። እኔ የዱርቤቴው ማሽን እንዲመጣላት ደብዳቤ ስጽፍ፣ ስመላለስ፣ ስጨቃጨቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ማሽኑ በመጣ ቀን ሌንሳ ገጠመችላት፤ ከዚያ በፊት ግን የቅጂውን ፍላሽ ሠርታ ሰጠችኝ፣ እኔም ወርጄ በእጇ አስያዝኋት።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች።

"የማሽንሽ ቅጂ ነው። ቢበላሽብሽ በእሱ ይነሣል። ቤትሽ አስቀምጪው።"

ፍላሹን በጣቶቿ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ፈቃድ ጠይቃችኋል?" አለችኝ።

"አልጠየቅንም" አልኋት። "አንቺም እንዳትጠይቂ።"